መሸሻ የሌለው ቤት

ጋሸና ያደገ ሰው ስለ ዓሣ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚሄደው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት፣ ነፋስ በማያርፍበት በዚያ ደጋ፣ ዓሣ ማለት ደሴ ደርሶ የተመለሰ መንገደኛ “ሐይቅ ላይ በላሁ” ብሎ የሚያወራው ነገር ነበር። ስለ ዶሮ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከገበያ የመጣች እንግዳ ዶሮ በቀን ከነባሮቹ ጋር አትለቀቅም፤ ወግተው ወግተው ያደሟታል። እናቴ እስኪመሽ ትጠብቃለች። ነባሮቹ ቆጥ ላይ ሰፍረው ሲያንቀላፉ እንግዳዋን በጨለማ መሃላቸው ታስቀምጣታለች። ሲነጋ አብረው ያደሩ ናቸውና ጠቡ ይበርዳል።

ይህን እያወቅሁ ነው አዲስ አበባ ላይ ያ ሁሉ ጥፋት በእጄ የደረሰው። ከአራት ዓመት በፊት ለልጆቼ ብዬ 100 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ገዛሁ። ስድስት ጋፒ፣ ሁለት ጎልድፊሽ፣ በጎኗ ጥቁር መስመር የተሰመረባት አንዲት ደማቅ ቢጫ ዓሣ ጨመርኩበት። ሻጩ ስለ ቢጫዋ “የአፍሪካ ናት” ብቻ አለኝ። በሳምንቱ የጋፒዎቹ ጅራት ተቦጫጭቆ አለቀ። በወሩ ከስድስቱ አንዱ ቀረ። ጎልድፊሾቹ ከማጣሪያው ጀርባ ተወሽቀው ለምግብ እንኳ መውጣት ፈሩ። ቢጫዋ ደግሞ ቀስ በቀስ ጠቆረች፤ መስመሮቿም ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኑ። ሴት ያልናት ወንድ ኖሯል። ልጆቼ “ክፉው” የሚል ስም አወጡለት።

እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበር። ዛሬ ግን ያ ስም ለዓሣው እንደማይገባው አምናለሁ።

ዓሣው ሜላኖክሮሚስ አውራተስ ይባላል፤ ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ለእኛ ባዳ አይደለም። የጣናው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። በ1970ዎቹ መገባደጃ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ውኃ የገባውም እሱ ነው። አውራተስ ግን የማላዊ ሐይቅ ልጅ ነው። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው በዚያ ሐይቅ ከ500 በላይ የሲክሊድ ዓይነቶች ይኖራሉ። ዳር ዳሩን በቋጥኝ መሃል የሚኖሩትን የአገሩ ሰዎች ምቡና ይሏቸዋል። ምቡና ዓለቱ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽበት እየፋቀ ይበላል። ወንዱ የራሱ ስንጥቅ፣ የራሱ ዋሻ አለው። ሌላ ወንድ ከቀረበ ያባርረዋል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ያባርረዋል። የተባረረው ጥቂት ክንድ ይዋኝና ከድንበሩ ይወጣል፤ አባራሪውም ወደ ዋሻው ይመለሳል። በሐይቅ ውስጥ ጠብ የሚያበቃው በሽሽት ነው። በመስታወት ውስጥ ግን የተሸነፈው የትም አይደርስም። ሸሽቶ ጥግ ይደርሳል፤ ጥጉም ያው የአሸናፊው ድንበር ነው። አሸናፊው “አልሄድ ያለኝ ደፋር” አድርጎ ያየዋል መሰለኝ፤ ስለዚህ እስኪገድለው ይመታዋል። ገዳዩ የቤቱ ጥበት ነው። ቤቱን ያጠበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በ1973 (በዚያው አቆጣጠር) የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ፣ በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሲክሊዶች የጻፈው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት ዓሦች በመስታወት ግድግዳ ተለይተው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ወንዶቹ በመስታወቱ በኩል ሲዛዛቱ ይውላሉ፤ በየቤታቸው ግን ሰላም ነው። መስታወቱ ሽበት ለብሶ ጎረቤት ለጎረቤት መተያየት ሲያቅታቸው፣ ባል ሚስቱን ማጥቃት ይጀምራል። መስታወቱ ሲታጠብ ቁጣው ወደ ጎረቤቱ ይመለስና ሚስት ታርፋለች። ሎሬንዝ ከዓሣ ተነሥቶ ስለ ሰው የደመደመውን ሁሉ አልቀበልም። ያየውን ግን በቤቴ አይቻለሁ፦ አንድ ብቻውን የተመደበለት ተጠቂ ካለ፣ ቁጣው ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

መፍትሔው የመጣው እናቴ ከጋሸና ለሕክምና መጥታ እኛ ቤት የሰነበተች ጊዜ ነው። መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ረጅም ሰዓት አየች። “ልጄ፣ ይህ ምስኪን የት ይግባ?” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ጎልድፊሾቹንና የቀረችውን ጋፒ ለጎረቤት ሰጠሁ። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳል፤ ምቡና ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል። መጀመሪያውኑ አንድ ቤት ሊገቡ አይገባም ነበር። 300 ሊትር የሚይዝ አዲስ መስታወት አሠራሁ። ድንጋዩን አሸዋ ከመጨመሬ በፊት ወለሉ ላይ አስደግፌ ደረደርኩ፤ ምቡና አሸዋ ስለሚቆፍር፣ በአሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ይናዳል። ዋሻው ከዓሣው ቁጥር እንዲበልጥ አደረግሁ። ለአንድ ወንድ ሦስትና አራት ሴት አስገባሁ። አዲሶቹን ያስገባኋቸው ድንጋዩን ሁሉ አፍርሼ፣ ድንበሩን ለሁሉም እንግዳ አድርጌ፣ መብራቱንም አጥፍቼ ነው። ያ የእናቴ ቆጥ ነው።

ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ከዚህ ሌላ አንድ ዘዴ አላቸው፦ ቁጥራቸውን ማብዛት። ሃያ ዓሣ ባለበት ኃይለኛው ማንን እንደሚያባርር ይጠፋዋል፤ ዱላው ለሁሉም ይዳረስና ማንንም አይገድልም። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ይሠራል። ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። የበዛ ዓሣ ውኃውን ያቆሽሻል፤ በየሳምንቱ ሲሶውን መቀየር ግድ ነው። የኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ የቧንቧው ክሎሪን እንዲወጣ በባልዲ አሳድረዋለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ማጣሪያው ይቆማል፤ አየር ያጥራቸዋል። በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ የሌለው ሰው ይህን ዘዴ ባይሞክረው እመክራለሁ።

ለሻጮች አንድ ልመና አለኝ። በየመስታወቱ ላይ ዓሣው ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆንና ከማን ጋር እንደማይኖር ይጻፍልን። ኃይለኛ ዓሣ ያስመረረው ገዢ ደግሞ ወደ ተፈጥሮ ሐይቅ አይልቀቀው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ የናይል ፐርች ከተለቀቀ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ የሲክሊድ ዓይነቶች ጠፍተዋል። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዘሮች አሉት። እነሱም ሌላ መሸሻ የላቸውም።

ጥቁሩ አሁንም አለ። ልጆቼ ስሙን ቀይረውለታል። ከሴቶቹ አንዷ በዚህ ወር እንቁላሏን በአፏ ይዛለች፤ የእነዚህ ዓሦች እናት ጫጩቶቿ እስኪጠነክሩ ሦስት ሳምንት ያህል ሳትበላ አፏ ውስጥ ታቆያቸዋለች። ይህን ለእናቴ በስልክ ነግሬያት ነበር። ትናንት ከጋሸና ደውላ ስለ ጤናዬ ከጠየቀች በኋላ “ጾመኛይቱስ፣ ፈታች ወይ?” አለችኝ። ገና ናት። ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ከግራው ድንጋይ ሥር ናት፤ ማንም አይነካትም።