ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ የላክቴትን አሻራ የሚለየው ፀረ እንግዳ አካልና የአገራችን ላቦራቶሪዎች

በመርካቶ የሚገኙ በርካታ ተራዎች ስማቸውን ያገኙት ከሚሸጥባቸው ዕቃ መሆኑ ይታወቃል። ጭድ ተራ ለዚህ አንዱ ምሳሌ ነው። ይሁንና ጭድ ገዥ በተራው ስም ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን አይከፍልም፤ ጭዱ ደረቅ ይሁን እርጥብ በእጁ ጨብጦ ያረጋግጣል። ለሳይንስ ምርምር የሚገዙ ግብዓቶች ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈተሹ አይደሉም። ላክቴት በፕሮቲኖች ላይ የሚተወውን አሻራ ለመለየት የሚያገለግለው ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳል።

እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ እ.ኤ.አ በ1780 በስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ ከኮመጠጠ ወተት የተለየ ነው። ላክቴት የዚሁ አሲድ ሌላ መልክ ሲሆን፣ ከባድ ሸክም ተሸክሞ የሚፈጥን ሰው ጡንቻም በብዛት ያመነጨዋል። ለረጅም ዘመንም ከኃይል ምርት የሚተርፍ ቆሻሻ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል።

ይህን አመለካከት ከለወጡት ግኝቶች አንዱ እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ ሆኗል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዪንግሚንግ ዣኦ የተመራው ቡድን፣ ከላክቴት የሚመነጭ ኬሚካላዊ ቅንጣት ዘረመል በተጠቀለለባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደሚለጠፍ አረጋገጠ። ቡድኑ በሰውና በአይጥ ህዋሳት 28 የመለጠፊያ ቦታዎችን ለይቷል። ላክቲሌሽን የተባለው ይህ ለውጥ ባክቴሪያን በሚዋጉ የመከላከያ ህዋሳት ውስጥ ዘግይቶ በመጨመር፣ ለጉዳት ጥገና የሚያገለግሉ ዘረመሎችን እንደሚያነቃም ተመልክቷል።

ተመራማሪዎች ይህን አሻራ የሚያዩት በአብዛኛው በፀረ እንግዳ አካሉ አማካይነት ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው። ላክቴት እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅርጾች አሉት። ከእነዚህ ሌላ ካርቦክሲኢታይል የተባለ ለውጥም በዚያው ቦታ ሊገኝ ይችላል። ሦስቱም እኩል ክብደት ስላላቸው በክብደት መለኪያ መሣሪያ ብቻ አይለዩም። እ.ኤ.አ በ2024 የወጣ ጥናት ስኳር በህዋስ ውስጥ ሲሰባበር በዋናነት የሚጨምረው ኤል የተባለው ቅርጽ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም መንትዮቹን የማይለይ ፀረ እንግዳ አካል የተጠቀመ ተመራማሪ ያላየውን አየሁ ሊል ይችላል።

ይህ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት ለ65 ፕሮቲኖች የተዘጋጁ 614 የንግድ ፀረ እንግዳ አካላት ተፈትሸው፣ በርካቶቹ የተባለላቸውን ሥራ እንደማይሠሩ ተረጋግጧል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021-2025 ባወጣው ዝርዝር ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው 30 አገራት አንዷ ናት። የመከላከያ ህዋሳት ከበሽታው ጋር የሚያደርጉት ትግልም እ.ኤ.አ በ1970 ለተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ዋነኛ የጥናት መስክ ነው። በአንጻሩ ለእንዲህ ያለ ምርምር የሚያስፈልገው ግብዓት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና የቀዝቃዛ ሰንሰለቱ ሳይቋረጥ መጓጓዝ ያለበት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም አንድ ብልቃጥ በብር ሲሰላ የሚጠይቀው ወጪ ከፍ ብሏል። የተሳሳተ ግዥ የሚያስከትለው ጉዳት በገንዘብ ብቻ ሳይወሰን፣ የወጣት ተመራማሪዎችን የዓመታት ድካም ሊያመክን ይችላል።

መፍትሔው ግን ከአቅም በላይ አይደለም። በቅድሚያ ፀረ እንግዳ አካሉን አሻራው ካለበት ሰው ሠራሽ የፕሮቲን ቁራጭ ጋር ማዋሃድ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛ ከሆነ በናሙናው ላይ የሚታየው ምልክት ይጠፋል። አሻራው ከሌለበት ቁራጭ ጋር ሲዋሃድ ግን ምልክቱ ሊቀጥል ይገባል። በመቀጠል ለህዋሱ ላክቴት ሲጨመር ምልክቱ መድመቁን፣ የላክቴት ምርት ሲገታም መደብዘዙን ማየት ይቻላል። ለመንትዮቹም ተመሳሳይ ፍተሻ ማድረግ ተገቢ ነው።

ከዚህ አኳያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ግዥያቸውን በማቀናጀት፣ የፍተሻ ውጤታቸውን በመለዋወጥና ያልተፈተሸ ግብዓትን መሠረት ያደረገ ጥናትን ባለመቀበል ድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል። የምርምር በጀት የሚመድቡ አካላትም የፍተሻን ወጪ እንደ ትርፍ ሳይሆን እንደ ምርምሩ አካል ሊያዩት ያስፈልጋል። ጭድ ገዥ ለአንድ ሸክም የሚያደርገው ጥንቃቄ፣ የሕዝብ ጤና ለሚመሠረትበት ዕውቀት ሊነፈግ አይገባም።