ጀልባ ስትገዙ ከተሳቢው ጀምሩ

ቆላ ቆቦ ተቀምጦ ስለ ጀልባ የሚጽፈው ምን አግብቶት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ የምተዳደረው በመስኖ ፓምፕና በተሳቢ ጥገና ነው። ባሕር የለንም፤ በክረምት ድንገት ሞልቶ የሚወርድ ጎሊናና ሆርማት እንጂ። ነገር ግን አላማጣን አልፌ ግራ ካህሱን ብወጣ ሐሸንጌ አለ። ከወልድያ ወደ ደሴ ብሄድ ሐይቅ፣ በድልብ አቀበት አድርጌ ወደ ወረታ ብሻገር ደግሞ ጣና። በየሐይቁ ጀልባ ማቆም የሚችል የወጣቶች ማኅበር ባካባቢያችን አላየሁም። አንዲት በተሳቢ የምትጎተት ጀልባ ግን ዓሣ ለማስገርም፣ ሰው ለማሻገርም፣ አደጋ ሲደርስ ለመድረስም ትበቃለች።

በ2017 ዓ.ም. 38 ሜትር የምትረዝመውና 188 ሰው የምትጭነው ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ ባሕር ዳር ድረስ በየብስ ተጎትታ ስትመጣ አገሩ ሁሉ በስልኩ ሲከታተል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጀልባ የሚያማክረኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ “ስንት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይሻለኛል?” ነገሩ ከጭራው ተያዘ ባይ ነኝ።

ከሞተሩ በፊት የሚታየው የጀልባዋ ሆድ ነው። ሆዷ ዝርግ የሆነ ጀልባ ዋጋዋ ይቀንሳል፣ ጠዋት ውኃው ሲተኛም እንደ ልብ ትሄዳለች። ችግሩ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጣና 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርሰው ሌላው ይደርሳል። ዝርግ ሆድ በያንዳንዱ ላይ ይፈጠፈጣል፤ የተሳፋሪ ወገብ ያማል፣ ብሎን ይላላል፣ ውኃ ከፊት ይገባል። ስለዚህ ሆዷ ወደ ታች የሾለ፣ ጎኗ ከፍ ያለ፣ 6 ሜትር አካባቢ የምትረዝም ጀልባ ምረጡ። ክብደቷ ይጨምራል፣ ቆማም ትወዛወዛለች፤ ይሁን። አካሉ አልሙኒየም ቢሆን የጣናን ድንጋያማ ዳርቻ ይችላል፤ ግን በአርጎን የሚበይድ ባለሙያ የት እንዳለ ሳታጣሩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። ላሜራ የሚበይድ ሁሉ አልሙኒየም አይበይድም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ከቆቦ ኮረም የወጣ የናፍጣ ፓምፕ ጥቁር ጭስ የሚተፋው አየሩ ስለሚሳሳበት ነው። የጀልባ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ 60 ተብሎ የተገዛው ሞተር እዚያ 50 ቢሰጣችሁ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለው በሐሸንጌ ደግሞ ወደ 46 ይወርዳል። ፕሮፔለሩም ለባሕር ወለል የተመረጠው ከሆነ ሞተሩ ይጨነቃል እንጂ ዙር አያነሳም፤ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት ባነሰ ፕሮፔለር መቀየር አለበት። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ወይ አያውቅም ወይ አልፈለገም። የሞተሩን ስም በተመለከተ ብዙ አልከራከርም፤ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች መለዋወጫውን የሚያገኙለትን ግዙ።

እምቦጭን አትርሱ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው፤ መሳቢያውን ቅጠልና ሥር ሲደፍነው በደቂቃዎች ይግላል። ለዚህ ነው ከዋናው ሌላ፣ የራሱ ነዳጅ ያለው ትንሽ ሞተር ከጎን ይኑር የምለው። ነዳጁንም ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ።

ሰዎች በቸልታ የሚያልፉት ግን ተሳቢውን ነው፤ እኔ ከሁሉም የምፈራውም እሱን ነው። ረጅም ዳገትና ቁልቁለት ጨርሶ ሐይቅ ዳር የደረሰ ተሳቢ ኩሽኔታው ይፋጃል። እንደ ደረሰ ጀልባዋን ለማውረድ ውኃ ውስጥ ሲነከር ጎማው መሐል ያለው ትኩስ አየር በአንድ ጊዜ ይኮማተርና በጎሚኒው አልፎ ውኃ ይስባል። ግራሶው ወተት መስሎ ይነጣል። የዚያን ቀን ምንም አይሰማችሁም፤ ስትመለሱ ቁልቁለት ላይ ኩሽኔታው ይበተናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መኪናውን አቁማችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ እጃችሁን ጎማው መሐል አሳርፉበት። ካላቃጠለ አስገቡ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዲኖረው፣ ከስኮርት ጎማ ጋር ትርፍ ኩሽኔታ እንዲያዝም እመክራለሁ። በፒክአፕ ፍሬን ብቻ ግራ ካህሱን ጀልባ ጎትቶ ከሚወርድ ሰው ጋር አልሳፈርም።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ተከዜ ላይ ጀልባ ተገልብጣ 19 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ጀልባ ላይ ስንት ሰው እንደምትጭን የሚገልጽ ሰሌዳ ከሌለ፣ ለያንዳንዱ መቀመጫም መንሳፈፊያ ጃኬት ካልቀረበ፣ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

ማኅበራትም ሆናችሁ ባለሀብቶች፣ ከመፈራረማችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት። ጀልባዋን በሙሉ ጭነት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ባለበት ጣና ላይ ይዟችሁ ይውጣ። ነገ ጠዋት ይሻላል ካላችሁ አትግዙ።