«ጭሱ ወጥቶለታል»

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ባለ አንድ ክፍል የብሎኬት ቤት። የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል። አንዲት እናት የቀላ ከሰል ከነማንደጃው ከደጅ አንስተው አራስ ልጃቸው ከነሕፃኗ ወደተኛችበት ክፍል አስገቡ። በሩን ዘጉ፤ ነፋስ እንዳይገባ ከሥሩ አሮጌ ነጠላ ወተፉበት። ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት «ኧረ እማማ፣ ከሰሉ አይከፋም?» ብትላቸው «ምን ይሆናል የኔ ልጅ፣ ጭሱ ወጥቶለታል» አሏት። ጎረቤቷም አመነች።

ሰው የምትገድለው ይህቺ ንግግር ናት።

ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ከሰል ከማገዶ እንጨት የሚከፋውም በዚህ ነው፤ ሳይጨስ ይመርዛል። ከሥር የተቃጠለው አየር በጋለው ፍም መካከል ሲያልፍ ወደዚህ ጋዝ ይለወጣል። ማንደጃ አጠገብ ቡና ያፈላ ሁሉ ከፍሙ በላይ ብልጭ ድርግም የምትለውን ሰማያዊ ነበልባል ያውቃታል። እሷ ራሱ ጋዙ ሲነድ የምትታይ ናት። ነበልባሏ ጠፍታ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ማለትም ሰው «አሁን ደህና ሆነ» ብሎ ወደ መኝታ ቤት በሚያስገባበት ሰዓት፣ ጋዙ መፈጠሩን አያቆምም። ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። ጭሱ ሲወጣ የወጣው አደጋው ሳይሆን ማስጠንቀቂያው ነው።

ሳንባ የገባው ጋዝ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደሙ ግን አየር አያደርስም። መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ይህን ጊዜ «ብርድ መታኝ» ብሎ ጋቢውን ይከናነብና ይበልጥ ወደ ፍሙ ይጠጋል። የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም አይሰማም፤ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይቀራል።

ታዲያ «ጭሱ ወጥቶለታል» የሚለውን እምነት ማን ያጸናዋል? ዜናው ራሱ። ብርድ በመጣ ቁጥር «በከሰል ጭስ ታፍነው ሕይወታቸው አለፈ» ተብሎ ይነበባል። የሰሙት እናት ትምህርቱን በትክክል ወስደዋል፤ ገዳዩ ጭስ ከሆነ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ከሰሉን ደጅ ማቆየት ነው። ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ጥንቃቄያቸውን ሁሉ ዜናው በነገራቸው ጠላት ላይ አዋሉት፤ እውነተኛው ጠላት ግን አብሯቸው ገባ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነዋሪው ከሰል ቤት ውስጥ እንዳያስገባ ያሳስባል። ማሳሰቢያው መልካም ነው። ነገር ግን በዜናው ውስጥ «ጭስ» የምትለው ቃል እስካለች ድረስ ማሳሰቢያው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ በከሰል ማሸጊያ ላይ «ቤት ውስጥ ማንደድ ይገድላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከነሥዕሉ እንዲታተም ሕግ ያስገድዳል። የካ ገበያ ላይ የሚሸጠው ከሰል በተራ ማዳበሪያ ይመጣል፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«አባቶቻችን እሳት ሞቀው አይደል እንዴ ያደጉት?» የሚለው ክርክርም ቤቱን ይረሳል። የሣር ክዳን ጎጆ ይተነፍሳል፤ የምድጃው ሙቀትም ጋዙም በክዳኑ መካከል እየሰረገ ይወጣል። ዛሬ የየካ ዳገት በብሎኬት፣ በሲሚንቶ ልስንና በአሉሚኒየም መስኮት ተሞልቷል። እሳቱ ያው የአያት እሳት ነው፤ ቤቱ ግን ሌላ ነው። ለቡና የሚቀርበው ከሰል ብዙ ጊዜ ሰው ሳይጎዳ የሚያልፈው በሩ ክፍት ስለሆነ፣ ሰዉም ነቅቶ ስለሚጫወት ነው። ሌሊት በሩ ተዘግቶ ሲተኛበት ያው ማንደጃ ሌላ ነገር ይሆናል። ከፍታውም አለ። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገባው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የቀረውን ለከሰል መስጠት የእንጦጦ ግርጌ ሰው የማይችለው ዕዳ ነው።

ብርዱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። የአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንኳ ነፋሱና የማገዶ እጥረቱ ከበረታበት ከእንጦጦ ራስ ወርዶ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ከተማ የቆረቆረው እቴጌ ጣይቱ ሙቁን ውሃና መስኩን ስለወደዱት ነው። ጥያቄው የሚሞቀው ክፍሉ ነው ወይስ ሰውየው የሚለው ነው። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ለጌጥ አይደለም። በድርቦቹ መካከል የተያዘው አየር ሙቀት እንዳይሸሽ ያግዳል፤ ይህንን የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። የቤቱ ሙቀት በዋነኝነት የሚሸሸው በቆርቆሮው ነው፤ ጥርት ባለ የኅዳር ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል። ከሥሩ የተወጠረ የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ብዙውን ያስቀራል። ሲሚንቶ ወለል ላይ አጎዛ ወይም ምንጣፍ፣ ለእግር ሹራብ ካልሲ፣ ለራስ ሻሽ፣ ከመኝታ በፊት ትኩስ አጥሚት። አራስና ሕፃን አንድ ጋቢ ለብሰው ገላ ለገላ ሲተኙ የሚሰጣጡት ሙቀት ማንደጃ አያስፈልገውም።

የከተማው ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚቀጥለውን የብርድ ወር ሳይጠብቁ ቃሉን ይቀይሩ። «በከሰል ጭስ» ማለት ይቅርና «በከሰል መርዝ» ይባል፤ ጭስ የሌለው የቀላ ከሰል እንደሚገድልም በዚያው ዓረፍተ ነገር ይነገር። ያቺ ጎረቤት ጥያቄዋ ትክክል ነበር። የጎደላት እማማን የምትመልስበት አንድ ቃል ነው፤ ያንን ቃል ሊሰጧት የሚገባቸው ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ የተሳሳተውን እያነበቡላት ነው።