ባሕር ባይኖረንም የውኃ ክበብ ያስፈልገናል

ዛሬ ስለ አንድ ክበብ ያለኝን ሐሳብ ላካፍላችሁ ነው።

ባለፈው ሰኔ ከፈተና ስንመለስ ወንዝ እንሻገር ነበር። እኛ ጋ ጠብ አላለም፤ ለካ ወደ ጓሳ በኩል ዘንቦ ኖሯል። አንዱ ጓደኛችን መሀል ሲደርስ ጎርፉ ደረሰና እግሩ ከዳው። እኛ ዳር ቆመን ከመጮህ በቀር ምንም አላወቅንም። ሌላው ልጅ ዘሎ ሊገባ ሲል አንድ አባት ደረሱና "ተው! አንተንም ይወስድሃል!" ብለው ከለከሉት። ከዚያ ረጅም ዱላቸውን ዘርግተው የወደቀውን ጎትተው አወጡት። እሳቸው ባይደርሱ ኖሮ ሁለት ልጅ እናጣ ነበር።

እስቲ እንጠያየቅ። ስለ ውኃ ዑደት ተምረናል። ውኃ ሰው ሲወስድ ምን እንደሚደረግ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የውኃ ክበብ ይቋቋም እላለሁ።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው "መንዝ ላይ ምን ባሕር አለና ነው?" ብለው ሳቁብኝ። እውነት ነው፣ ባሕር የለንም። የጣና ዳር ልጆች ከደንገል የተሠራ ታንኳ እያዩ ያድጋሉ። በሌላ አገር ደግሞ ተንሳፋፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ መቅዘፍ የሚባል ስፖርት አለ። የሰፈር ሰዎች ክበብ አቋቁመው ትልቁንም ትንሹንም ያስተምራሉ። እዚያ ጀማሪው ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ መውደቅ ነው፤ እንዴት ወድቆ እንዴት ተመልሶ እንደሚወጣ ይለማመዳል። ሰሌዳውን ባናገኝም ትምህርቱን ማግኘት እንችላለን።

ክበባችን ሦስት ነገር ቢሠራ ይበቃል። አንደኛ፣ ሜዳ ላይ እንለማመድ። የሞላ ወንዝ አለመግባትን፣ ለወደቀ ሰው ተኝቶ ዱላ መዘርጋትን፣ ገመድ ወይም ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን መወርወርን እንወቅ። ጀሪካኑ በውስጡ አየር ስላለ ይንሳፈፋል፤ ሰውም ይዞት ሊንሳፈፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ በበጋ ወንዙ ሲጎድል፣ ዋና የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት፣ ከወገብ በማያልፍ ውኃ መንሳፈፍን እንማር። ዋና የወንድ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ውኃ የምንቀዳው እኛ ሴቶች አይደለንም እንዴ? ሦስተኛ፣ በክረምት ትንንሾቹን ወንዝ ዳር የሚጠብቅ ትልቅ ሰው በተራ እንዲመደብ ወላጆችን እንጠይቅ።

ተስማምቶ መጠበቅ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ አብረው እየወሰኑ ጓሳን አቆይተውልናል። ሣር የጠበቀ አገር ልጆቹን መጠበቅ አያቅተውም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ 18ን በየዓመቱ የሚታሰብ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን አድርጎ ወስኗል። ሐምሌ 18 ማለት እኛ አገር ወንዙ የሚያገሳበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ያኔ ዝግ ነው። እንግዲህ ከመዘጋቱ በፊት እንጀምር።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ጓደኞቼ፣ አሁን ሳቁብኝ፤ ግድ የለም። ብቻ ስማችሁን አስመዝግቡ። መምህራኖቻችንም አንድ ኃላፊ ይመድቡልን።

ቸር ይግጠመን!