ሴራሚኩን ከመስበራችሁ በፊት

ሳይፈትሽ መዶሻ የሚያነሳ የቧንቧ ሠራተኛ ሂሳብ አይገባውም ባይ ነኝ። ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። የመታጠቢያ ቤታችን ኮርኒስ ሦስት ወር አንጠባጠበ። አንድ ቀን ጠብ ጠብ ይላል፣ አራት ቀን ይደርቃል። የሚያፈሰው የፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ቀን ስለሆነ «ቧንቧ ፈንድቷል» ተባለ። ከላያችን ያሉት እማማ ግን «ወለሌን አላስነካም!» አሉ።

ልክ ነበሩ። ውሃ በመጣ ቀን ቧንቧዎቻቸውን ሁሉ ዘግተን ቆጣሪያቸውን ግማሽ ሰዓት አየነው፤ ንቅንቅ አላለም። ቧንቧው ቢያፈስ ኖሮ ይዞር ነበር። የእጅ መታጠቢያውን ብቻ ከፈትን፤ ታች ደረቅ ነው። በመጨረሻ የሻወሩ ወለል ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋን። ትንሽ ቆይቶ ጠብ!

ለካ ውሃ በመጣ ቀን ነው ሰው የሚታጠበው። የተሰነጠቀው የማፍሰሻው ዙሪያ ብቻ ነበር። ወጪውን እኩል ተካፈልን፤ ሦስት ወር ሙሉ ሰላምታ የነፈግኋቸው እኔ ነኝና።