«ማን ያየዋል?» አትበሉኝ

«ጋሼ፣ አሻንጉሊት እኮ ነው፤ ማን ያየዋል?» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ የፕላስቲክ መትረየስ በምላጭ ስቆርጥ አይቶ።

እኔ አየዋለኋ!

ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው በ1/35 የተመጠነች የጣሊያን ሲቪ-33 ታንክ ናት። ሳጥኗ የቆየ ነው፤ ላዩ ላይ የኢትዮጵያ ጦርነት ተስሏል። ውስጡ የመጣልኝ መትረየስ ግን ብሬዳ ሞዴል 38! 38 ማለት እ.ኤ.አ. 1938 ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ለተዋጋች ታንክ ገና ያልተሠራ መሣሪያ ማስታጠቅ ምን ይሉታል? አምራቹ እንደሆነ ያንኑ አሮጌ ቅርጽ በአዲስ ሥዕል ጠቅልሎ ሲሸጥ አያፍርም።

ቆረጥኩት። ከሲሪንጅ መርፌ የዘመኑን የፊያት መትረየስ አፈሙዝ ሠራሁ፤ ክፍተቱን በስቱኮ ደፈንኩ። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ የጠፉትን የብሎን ራሶች በሙጫ ጠብታ አንድ በአንድ መለስኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

ደሜን የሚያፈላው ግን ሌላ ነው። አንድ ዐውደ ርእይ ላይ ደምበጉናን የሚያሳይ ሞዴል አየሁ፤ የቆመው ታንክ ኤም 13/40 ነበር። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ 13 ቶን፣ እ.ኤ.አ. 1940። ሠሪውን ብጠይቀው «ያቺ ትንሿ አታምርም፤ ይሄ ግርማ አለው» አለኝ።

ግርማ! ሲቪ-33 ከሦስት ቶን እምብዛም የማትበልጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የሚዞር አናት የሌላት ናት። መትረየሷ የሚያየው ፊት ለፊቷን ነው። የራስ እምሩ ሰዎች ይህን አዩ፤ ከኋላ ዞረው ጣራዋ ላይ ወጡ። አናቱ የሚዞር ባለ መድፍ ታንክ በቦታዋ ስታቆም የእነዚያን ሰዎች ብልሃት ሰርቀህ በወኔ ብቻ ብረት ቀጠቀጡ የሚል ተረት ትተካለህ። ሙገሳ የመሰለ ስድብ!

ለነገሩ 1/35 የሚባለው ምጥን ራሱ የባትሪ ልጅ ነው። የሞዴል አምራቹ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓንተር ታንኩን ሞዴል ባትሪ እንዲይዝለት አድርጎ ሠራው፤ ኋላ ሲለካ 1/35 ሆኖ ተገኘ። ከመነሻው አሻንጉሊት ነበር ካላችሁኝ፣ እሺ። ቀንና ቦታ ከጻፋችሁበት በኋላ ግን ወደ አሻንጉሊትነት መሸሽ የለም።

የእህቴ ልጅ ታንኪቱን አንሥቶ አገላበጣት፤ ጀርባዋን ትክ ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ ከኋላ የመጣባቸውን በምን ይተኩሱት ነበር?»