ሴባስቶፖል የተወለደበት አገር ክር አጣ!

ከደብረ ታቦር ከተማ አፍንጫ ሥር ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ፈረንጆች «መድፍ ካልሠራችሁ» ብለው ያስጨነቁት እዚያ ነው። ፈረንጆቹ መድፍ ማፍሰስ አያውቁም ነበር። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው ተማሩት። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ተወለደ። ያን ሁሉ ክብደት ሰው በጉልበቱ እየጎተተ መቅደላ አደረሰው። ያገሬው ወጣትም ጋፋት ውስጥ የእጅ ሥራ ይማር ነበር።

ይህን የማነሳው ታሪክ ለመደርደር አይደለም። በቅርቡ ለለቅሶ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ውስጥ የጎረቤት ልጅ አገኘሁ፤ በምሕንድስና የተመረቀች። የመመረቂያ ጥናቷ ምን እንደነበር ብጠይቃት «የሚለበስ ኤሌክትሮኒክስ» አለችኝ። እኔ ሰዓት መስሎኝ ነበር። ለካ በእጅ የተሰፋ የክንድ መታጠቂያ ኖሯል! ትንሽ መብራት ቆዳ ላይ ያበራል። ልብ በመታ ቁጥር ደም ሥሩ ሲሞላ ተመላሹ ብርሃን ይቀንሳል፤ ጣት የምታህለው ኮምፒዩተር እሱን እየቆጠረች የልብ ምቱን ትናገራለች። ሐሳቧ በጉና ተዳፋት፣ ከጤና ጣቢያ ርቀው ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ነበር።

ሽቦ ጨርቅ ላይ አይሆንም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብር የተቀባ ክር ያስፈልጋል።

«ታዲያ ክሩን ከየት አመጣሽው?»

«ከየትም ጋሼ! ካሮጌ የሞባይል ማዳመጫ ሽቦ ፈትቼ ሰፋሁት። ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ተበጠሰ።»

ፈታኞቿ አጨበጨቡላት፤ ውጤት ሰጧት። ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እሷ አሁን ሥራ ፈት ናት።

ለመሆኑ ፈረንጅ አገር እንዲህ ያለ ጥናት ምን ይሆናል? ኸርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ ተማሪ ጣሊያን፣ ኢቭሪያ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪው የሠራው ጥናት ነው በ2005 እ.ኤ.አ. ለተፈጠረው አርዱይኖ መሠረት የሆነው። ልያ ቢውክሊ ደግሞ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች ጨርቅ ላይ የሚሰፋ ሰሌዳ ሠራች፤ ሊሊፓድ ተብሎ በ2007 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጣ። የሁለቱም መነሻ የተማሪ ጥናት ነው! ልዩነቱ የነሱ አቧራ አልጠጣም።

እጅማ አለን። በወርቀ ዘቦ የተንቆጠቆጠ ካባ ስንለብስ የኖርን ሰዎች፣ ብረት ያለበት ክር ብርቅ ሊሆንብን ነው? ጠላፊው አለ፤ ሸማኔው አለ፤ የሞተ ሬዲዮ የሚያስነሳው ልጅም በየከተማው አለ። የጎደለው የሚያገናኛቸው ነው። የተማረው ከሸማኔ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል። ባለ እጅን መስደብ እንዲቀር ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቢያውጁም፣ ስድቡ ከአፋችን ቢወርድ ከልባችን አልወጣም።

መንግሥትስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ትምህርቱን ከስልኩ የሚቃርም ተማሪ በምን ይመራመር? በጋፋት ስም የተሰየመውም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ከዚያች ቦታ የታወሰን ጥይቱ እንጂ ትምህርቱ አይደለም!

ብዙ አልጠየቅንም። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ሥራዎችን ከመደርደሪያ አውርደው ለባለ እጅና ለነጋዴ ያሳዩ። ለተማሪ የሚመጣ ጥቂት ክርና አነስተኛ ዕቃ ጉምሩክ ላይ እንደ ቅንጦት አይታይ። ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት የሚያሠራ ጠረጴዛ፣ መበየጃና መብራት ይሰጥ። የአንድ ባለሥልጣን መኪና ዋጋ ስንቱን ጠረጴዛ ይገዛል?

ሴባስቶፖል 7 ሺህ ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር ይባላል። ያን አቀበት ለአቀበት የጎተተ ሕዝብ ነው ዛሬ ለልጁ አንድ ጥቅል ክር ማቀበል ያቃተው!